ተገናኝቷል

የኮሌጁ የውስጥ ኔትወርክ ከኢንተርኔት ተቆርጦ ነበር፤ ሲቆረጥ እንዲጮህ የተቀመጠው መሣሪያ ግን ጠዋቱን ሙሉ «ተገናኝቷል» ሲል አረፈደ። የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የተጮኸውም ሆነ የተለቀሰው ይህን አልለወጠውም።

ሌሊሴ የኮሌጁ የኔትወርክ ባለሙያ ነች፤ ያለችውም እሷ ብቻ ነች። ኮሌጁ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ምድር ቤቱ ሶፋና ቁም ሣጥን በሚሸጥበት ሕንፃ ላይ ሦስት ፎቅ ተከራይቷል። በዚህ ዓመት በኮምፒውተር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና ማዕከል እንዲሆን የተፈቀደለት በስንት ደጅ ጥናት ነው። ፈተናውን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልፈቀደም። ማዕከሉ ኔትወርኩን የሚከታተል መሣሪያ ይኑረው፤ መሣሪያውም ያየውን በየሩብ ሰዓቱ፣ የሰው እጅ ሳይገባበት፣ ለጽሕፈት ቤቱ ይላክ አለ።

መሣሪያው ከመዳፍ የማይበልጥ ኮምፒውተር ነው። በኮሌጁ መስመር ወጥቶ ውጭ ያሉ የታወቁ አድራሻዎችን ያንኳኳል፤ መልስ ካገኘ የሚያሳየው ክብ አረንጓዴ፣ ካጣ ቀይ ይሆናል። ሌሊሴ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ኮሪደሩ ላይ ሰቅላ ክቡ ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ አድርጋ ነበር፤ የራሷም ስልክ ላይ ይታያል።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ኔት ጠፋ። ዲኑ አቶ መዝገቡ መጥፋቱን የሰሙት ተማሪ ሲሳደብ ነው። ሌሊሴን አስጠሯት።

«ሲጠፋ መልእክት ይደርስዎታል ብለሽኝ አልነበር?»

«ልኮ ነበር። ግን መልእክቱም የሚወጣው በዚያው በጠፋው መስመር ነው።»

«እና ሟቹ የራሱን መርዶ ያርዳ ነው የምትይኝ?»

እውነታቸውን ነበር። ሌሊሴ በዚያኑ ቀን ለመሣሪያው የራሱ ሲም ካርድ ገዛችለት፤ የኮሌጁ መስመር ሲሞት መርዶው በሲሙ በኩል እንዲወጣ። ማንኳኳቱን በኮሌጁ መስመር፣ መልእክቱን በሲሙ ብላ አዘዘችው። ከዚያ አቶ መዝገቡን ጠርታ ፊታቸው ገመዱን ነቀለችው። ክቡ ቀላ፤ የዲኑ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። «ይቺ ልጅ እሳት ናት!» አሉ፤ ጸሐፊዋም አጨበጨበች።

ሌሊሴ ያላደረገችው አንድ ነገር ነበር። መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሳ ትእዛዙን እንዳይረሳ አድርጋ አላሰረችውም። ነገ አደርገዋለሁ አለች። ሌሊሴ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፤ አንዱን ሥራ ሳትጨርስ እጇ ሌላው ላይ ነው። በፈተናው ሰሞን መብራት ሄዶ መጣ፤ መሣሪያውም ሲነሳ የተባለውን ሁሉ ረስቶ ቀድሞ ያገኘውን መንገድ ያዘ፤ ሲሙን። ከዚያ ወዲያ የቤቱ በር መከፈቱን እንዲያይ የተቀጠረ፣ ግን በራሱ ቁልፍ በጓሮ የሚወጣ ዘበኛ ሆነ። አስፋልቱ ላይ ቆሞ «መንገዱ ሰላም ነው» ይላል። የፊት በሩን አልሞከረውም።

ይህን ሌሊሴ ያወቀችው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በፈተናው ጠዋት ከዘነበወርቅ ሚኒባስ የተሳፈረችው ከሄቨን ጋር ነበር። ሄቨን የሠፈሯ ልጅ፣ የፋርማሲ ምሩቅ፣ የዚያን ቀን ተፈታኝ። የሠፈሩ ሆስፒታል አጠገብ ያለ መድኃኒት ቤት ሊቀጥራት ተስማምቷል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈቃዱን ካመጣች። ካላመጣች ሌላ ሰው አላቸው። የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሽታ በመስኮቱ ሲገባ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ እሷ አልተሰማትም።

«አቦ ሌሊ፣ ጥያቄውን አልፈራውም። የምፈራው ኔቱን ነው። ቀጣዩ ዙር እኮ ከክረምት በኋላ ነው።»

ሌሊሴ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። «ይኸው፣ ጎመን መስሎልሻል። ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሙች በይ።»

«አልሞትም። ውረጂ፣ ደርሰናል።»

የፈተና ቀን ወግ አለው። ተቆጣጣሪው አቶ ይመር፣ ከጽሕፈት ቤቱ የተላኩ ጠና ያሉ ሰው፣ የመፈተኛውን ክፍል ከዋዜማው ጀምሮ በወረቀትና በማኅተም አሽገውታል። ፈተናው እስኪጀመር ማንም አይገባም፣ ማንም ኮምፒውተር አይነካም። ሽቦው ሁሉ ለተፈታኞች እንዲሆን የቢሮዎቹም መስመር ተነቅሏል። ስለዚህ በዚያ ጠዋት በሕንፃው ውስጥ ኔት መኖር አለመኖሩን ሊናገር የሚችል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መሣሪያው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ይመር ስልካቸውን ይዘው ወደ ሌሊሴ መጡ። «ልጄ፣ ዝግጁ ነን ልበላቸው ወይ? አንዴ ካልኩ መመለሻ የለውም። ችግር ካለ አሁን ነው፤ ልጆቹን ወደ መጠባበቂያው ማዕከል እናሻግራቸዋለን። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ማዛወር የለም።»

ሌሊሴ ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየች። አረንጓዴ። ጥያቄው ራሱ አሰልችቷት ነበር። «ዝግጁ ነን፣ ጋሼ።»

ደወሉ። ማኅተሙን ቀደዱ። ተፈታኞቹ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ፤ ሄቨን በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ጀምሩ» ተባለ። ሁሉም የየራሱን ቁልፍ ተጫነ። ነጭ ገጽ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች። አሁንም ዞረች።

«ትንሽ ታገሡ፤ ሁላችሁም በአንዴ ስለገባችሁ ነው» አለች ሌሊሴ፤ አምናበት ነበር።

ከኋላ አንዱ ልጅ «ምነው፣ ይቺ ክብ ደግሞ ልትፈተን መጣች እንዴ?» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። ከዚያ ገጹ «መድረስ አልተቻለም» አለ፤ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ፣ ተራ በተራ። የሚስቅ ጠፋ።

ሌሊሴ አንዱን ኮምፒውተር ተቀብላ ሞከረች። የኮሌጁ ዋና ማሽን ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው። ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ነው። ወደ ዕቃ ክፍሏ ሮጣ ሲሙን ከመሣሪያው መዘዘችው። በበሩ በኩል ስታየው የኮሪደሩ ክብ ወዲያው ቀላ።

እዚያው ቆመች። የገባት ያን ጊዜ ነው። ያቺን ደቂቃ ለማሰብ ልትጠቀምባት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ለመሳደብ ተጠቀመችባት። ራሷን ነበር የሰደበችው።

ወደ መስመር አቅራቢው ደወለች። አንዲት ረጋ ያለች ልጅ ገመዱ ወደ ረጲ አቅጣጫ መንገድ ሲቆፈር መቆረጡን፣ ባለሙያ መላኩን ነገረቻት። መቼ ነው የተቆረጠው? ሊነጋ ሲል። መቼ ይቀጠላል? «እየተሠራበት ነው።» ሌሊሴ ይህን መልስ ታውቀዋለች፤ እሷም ለተማሪዎች ስትሰጠው ኖራለች።

«ሲም አለ አይደል? በሱ አስገቢያቸው!» አሉ አቶ መዝገቡ ላብ በላብ ሆነው።

«የፈተናው ማሽን የሚቀበለው በኮሌጁ ስም የተመዘገበውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ኩረጃ እንዳይኖር። በሲም ቢመጡ ከቤታቸው እንደመጡ ነው የሚቆጥራቸው።»

«እና ምንም ማድረግ አይቻልም?»

«አይቻልም።»

አቶ መዝገቡ ጸሐፊዋን ዞረው አዩ፤ ከእሷ የተሻለ መልስ ይገኝ ይመስል።

ተፈታኞቹ ተቀምጠው ቆዩ። አንድም ሰው እንዲነሣ አልተፈቀደለትም፤ ስልክም የለም። ሄቨን ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነጩን ገጽ ስታይ ነበር። የፈተናው ሰዓት ሲያልቅ አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጆቹን አሰናበቱ፤ ከዚያ ለጽሕፈት ቤቱ ደወሉ። ድምፁን ከፍተው ሌሊሴና ዲኑም እንዲሰሙ አደረጉ።

ከወዲያ ያለው ሰው ትሑት ነበር። «አቶ ይመር፣ ከዚያ ማዕከል የደረሰን ሪፖርት ‹ተገናኝቷል› ነው የሚለው። ከንጋት ጀምሮ። በየሩብ ሰዓቱ።»

«ስሕተት ነው!» አለች ሌሊሴ። «መሣሪያው በራሱ ሲም ነበር የሚወጣው። የውስጡን ኔትወርክ አላየውም። ከዚያ የላከላችሁ ሁሉ ውሸት ነው።»

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«ባለሙያዋ ነኝ።»

«ገባኝ፣ እህቴ። እኛ ግን የምናየው የተላከልንን ነው። ማዕከሉ ተገናኝቶ ተፈታኙ ካልገባ ሲስተሙ ቀሪ ነው የሚለው። ቀሪ ደግሞ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። ማዕከሉ መሣሪያው ስሕተት እንደነበር በዲኑ ፊርማና ማኅተም ካረጋገጠ ነገ በድጋሚ ይቀመጣሉ። ግን ዛሬ፣ ከሥራ መውጫ በፊት መድረስ አለበት።»

ሌሊሴ ስልኩ ሳይዘጋ ቢሮዋ ገብታ ጻፈች። ምንም ሳታለሳልስ ጻፈችው፤ የራሷንም ጥፋት በራሷ ስም። አትማ ዲኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አቶ መዝገቡ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የኮሌጁ መሣሪያ ለመንግሥት ውሸት ሲልክ ነበር ብለሽ እኮ ነው የጻፍሽው። ነገ የማዕከልነቱን ፈቃድ ይነጥቁናል።»

«ልጆቹ እኮ ቀሪ ተብለዋል።»

«ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ? አንቺ ነሽ? ቆፋሪው ነው! ከመስመር አቅራቢው ማስረጃ እናምጣ፣ በዚያ እንከራከር።»

«ማስረጃው ሳምንት ይፈጃል። እነሱ ዛሬ ነው ያሉት።»

«ቸኩለሽ ነው እዚህ ያደረስሽን፤ አሁንም አትቸኩዪ።»

ፊታቸው ቆመች፤ እሳቸው ወረቀቱን ቀና አድርገው፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክለው፣ ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቆለፉ። አልፈርምም አላሉም። «እናየዋለን» ነው ያሉት። እሷ ከዚህ ቃል ጋር እንዴት እንደምትታገል አታውቅም፤ እንቢ ቢሏት ትጮህ ነበር።

አቶ ይመር ኮሪደሩ ላይ ቦርሳቸውን ሲያነሡ ለመነቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ አይተዋል። ቁጭ ብለው እንደነበር ይናገሩልኝ።»

«እናገራለሁ። በሪፖርቴ እጽፈዋለሁ። ግን እሱ ለመዝገብ ቤት ነው የሚሆነው፤ የምታስቢውን አያደርግልሽም። የዲኑ ማኅተም ነው የተጠየቀው።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አይዞሽ። ልጅ ነሽ።»

ልጅ መሆኗ ምን እንደሚያደርግላት አልነገሯትም።

ደብዳቤውን በራሷ ስም በስልኳ ለጽሕፈት ቤቱ ላከችው፤ «ደርሶናል፤ የማዕከሉን ደብዳቤ እንጠብቃለን» የሚል መልስ መጣ። ዲኑ ቢሮ ደግማ ሄደች፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። እንደገና ሄደች፤ ወጥተዋል ተባለች። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ሌላ የምትሠራው ስላጣች መሣሪያውን ማስተካከል ጀመረች፤ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረባትን፣ አሁን ለማንም በማይጠቅም ሰዓት፣ በጥንቃቄ አደረገችው።

ሥራ መውጫ ሲያልፍ ሄቨን የዕቃ ክፍሉን በር ገፍታ ገባች። ሌሎቹ ሄደዋል፤ እሷ ምድር ቤት ሶፋ ከሚሸጡት ዘንድ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር የዋለችው።

«እና?»

«ቀሪ ተብላችኋል።»

«ቁጭ ብለን?»

«ቁጭ ብላችሁ።»

ሄቨን ግድግዳውን ተደገፈች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ለሌሊሴ ይሻላት ነበር።

«ድጋሚ የለም?»

«ዲኑ መፈረም ነበረበት። አልፈረመም። ሰዓቱ አልፏል።» የያዘችውን ገመድ አስቀምጣ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «መሣሪያውን በትክክል አላሰርኩትም።»

«የትኛው ነው መሣሪያው?»

ሌሊሴ በጣቷ አመለከተች። ሄቨን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከመድኃኒት ካርቶን የምታንስ ጥቁር ሣጥን፣ ጎኗ ላይ ነጥብ የምታህል መብራት።

«ይቺ?»

«አዎ።»

«ይቺ ናት አልመጣችሁም ያለችው።» በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ትሞቃለች። አሁን ምን እያለች ነው?»

«ተቋርጧል ነው የምትለው። አስተካክያታለሁ።»

«ለማን ነው የምትለው?»

«ለጽሕፈት ቤቱ። ለዲኑ። በየሩብ ሰዓቱ።»

«አሁን ያምኗታል?»

«ያምኗታል።»

ሄቨን በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሳቅ ከተባለ። መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ገመዱን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌሊሴ አብሬሽ ልሂድ ልትል ቃጣትና ተወችው።

«መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ልንገራቸው» አለች ሄቨን። «ሌላ ሰው ይጥሩ።»

ወጣች፤ በሩንም በቀስታ፣ እስኪይዝ ድረስ ስባ ዘጋችው።