ነህምያ የቆፈረው ጥቁር ድንጋይ

ወንድሜ ነህምያ ከስደት በተመለሰ ሰሞን ሆሳዕና ያለው ቤታችን ሁለት ዓይነት እንግዳ ነበረው፤ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊል የሚመጣና ሲዋሽ ልስማው ብሎ የሚመጣ። ሁለተኞቹ ይበዙ ነበር።

ነህምያ እንደ ብዙ የሰፈራችን ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የወጣው። መንገድ ላይ ደላላው ለታጠቁ ሰዎች አሳልፎ ሰጠው። እነሱም ጫካ ውስጥ ጉድጓድ አውርደው ጥቁር ድንጋይ ሲያስቆፍሩት ከረሙ። ትንሽ ሆኖ የሚከብድ ድንጋይ ነው አለ። ያመለጠው ታጣቂዎቹ እርስ በርስ ሲታኮሱ ነው። "ድንጋዩ ምን ያደርግላቸዋል?" ሲሉት፣ "ስልክ ውስጥ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ። ይሄኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስልክ ከድንጋይ! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስ ሳይቀሩ እሑድ በጉባኤ ፊት፣ "ልጄ፣ እስር ቤት ከርመህ ከሆነ እስር ቤት ነበርኩ በል። ንስሐ ግባ፣ ጌታ ይቅር ይላል" አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነህምያ ስለዚያ ነገር አፉን ዘጋ። ሰው ሲመጣ ወደ ጓሮ ይወጣና እንሰቱ መሃል ይቀመጣል። እናታችንም የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ልጇን እያመነች፣ ጉባኤውንም እየፈራች ከሳች።

እኔ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩትም። ነህምያ መዋሸት የሚባል ነገር አያውቅበትም። ልጅ ሆነን ስኳር ሰርቆ ሲክድ እንኳ ከንፈሩን ሳይጠርግ ነበር።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ እሸጣለሁ። ዕቃውን የማመጣው አዲስ አበባ ስልክ ከሚገጣጥም አንድ ድርጅት ነው፤ አሁን ስለታረቅን ስሙን አልጠራም። ያን ሰሞን የሀዲያና የከምባታ ዋና ወኪል ሊያደርገኝ ቃል ገብቶልኝ ስለነበር መሬቱ አይበቃኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ድርጅቱ የአካባቢውን ነጋዴዎች በሙሉ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበን። ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ የመጣ አለ። የግዢ ኃላፊው አቶ ሰይፈሥላሴ ክራቫቱን አስተካክሎ አዲሱን ስልክ አስተዋወቀን። ግድግዳው ላይ "ንጹሕ ስልክ ለንጹሕ ሕሊና" የሚል ጽሑፍ ይበራል። ከዚያ ስለ ስልኩ ሆድ ዕቃ ማብራራት ጀመረ፤ ታንታለም የሚባል ማዕድን አለ፣ የሚገኘውም ከከባድ ጥቁር ድንጋይ ነው አለ።

ደሜ ፈላ። እጄን ሳላወጣ ተነሣሁ።

"ድንጋዩ ከየት ነው የሚመጣው?"

"እኛ ድንጋይ አንገዛም እህቴ። የቀለጠውን ነው ውጭ አገር ካለ ማቅለጫ የምንገዛው።"

"ማቅለጫውስ ከየት ይገዛል?"

"ከብዙ ቦታ። አንዴ ቀልጦ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ ማንም ሊለየው አይችልም።"

"ታዲያ ንጹሕ መሆኑን በምን አወቃችሁ?"

"አቅራቢያችን አረጋግጦልናል" አለ፤ ነገሩን በዚህ የጨረሰው መስሎት።

ሴቶቹ ሳቁ። ሰውዬው ለምን እንደሳቁ አልገባውም፤ ሊገባውም አይችልም። አዳራሹ ውስጥ ካለነው ሴቶች አብዛኞቻችን ዊጆ አለን። ጎረቤታሞች ተማምለን ቅቤ እናዋጣለን፣ ተራ ለደረሳት ሁሉንም አንድ ላይ እንሰጣለን። ቅቤው ከየቤቱ መጥቶ አንድ ዕቃ ውስጥ ነው የሚገባው። ከመግባቱ በፊት ግን የእያንዳንዷ ይከፈታል፣ ይሸተታል፣ በጣት ይቀመሳል። የከረመ ወይም ባዕድ ነገር የገባበት ያመጣች ሴት እዚያው ፊታችን ይዛ ትመለሳለች። እህት ብትሆን፣ የሹም ሚስት ብትሆን ይሉኝታ የለም። አለዚያ የአንዷ የሁላችንንም ያበላሸዋል።

አጠገቤ የተቀመጠችው የሾኔዋ ነጋዴ እትዬ ገነቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። "የኔ ወንድም፣ ከተቀላቀለ በኋላ አይለይም ያልከው ልክ ነው። ለዚህ እኮ ነው እኛ ሳይቀላቀል የምናሸተው። እናንተ ሳታሸቱ ቀላቅላችሁ፣ አሁን አይለይም ትሉናላችሁ!"

እኔንም እልህ ያዘኝ። የነህምያን ነገር ከጉድጓዱ እስከ ጋሽ ማቴዎስ "ንስሐ ግባ" ድረስ ሳልተነፍስ ዘረገፍኩት። "ያንን ድንጋይ የቆፈረው ወንድሜ ጓሮ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል" አልኩ። "ሳይቀላቀል አይታችሁ፣ ከየት እንደመጣ በስሙ እስክትነግሩን ድረስ አንድ ስልክ አልወስድም።"

"ሾኔም አይወስድም!" አለች ገነቴ። ከኋላ አንዱ፣ "ዱራሜም!" አለ። ከዚያ ማን ይያዘን! ስልኮቹን ካመጣው አይሱዙ የወረደው ካርቶን እንዳለ ተመልሶ ተጫነ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን አሰብኩት። ውክልናው በአፌ ሄደ ማለት ነው። ነህምያም ሰምቶ ኖሮ፣ "ማን ስለ እኔ ተናገሪ አለሽ? አንዴ የሳቁብኝ አይበቃም?" ብሎ ጮኸብኝ። ለብዙ ቀን አላናገረኝም። መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ፤ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን እየሸጥኩ ከረምኩ። መንገደኛው ስሜን ጠርቶ፣ "ማራኪ፣ ዛሬስ ድንጋይ ገባ?" እያለ ያልፋል። ስድብ የማይቸግረኝ ሰው ሽፋን መደርደሬን ቀጠልኩ። ግን ከነጋዴዎቹ አንድም የከዳን የለም።

አንድ ቀን አቶ ሰይፈሥላሴ ያለ ሾፌር፣ ያለ ክራቫት ሱቄ በር ላይ ቆመ።

"አውሮፓ ያሉ ገዢዎች ይጠይቁናል ብለን መልስ አዘጋጅተን ነበር" አለኝ። "ሆሳዕና ይጠይቀናል ብለን ግን አላሰብንም። ወንድምሽን ማግኘት እችላለሁ?"

ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ነህምያ ግን ከጓሮ አልወጣም አለ። ሰውዬው ራሱ ወደ ጓሮ ዞረና በዚያ በተተኮሰ ሱሪው እንሰቱ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ ወንዙ ምን መልክ ነበረው? ድንጋዩ በምን ይጫናል? ጆንያው በምን ይታሰራል? ነህምያም በቢጫ ሲባጎ ድርብ አድርገው ያስሩት እንደነበር፣ ገመድ የሚያስር ይመስል እጁን እያንቀሳቀሰ አሳየው። ሲመሽ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ያን ታሪክ ሳይስቅ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ይሄን አልክድበትም።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ተጠራን። ጋሽ ማቴዎስን ራሴ ቤታቸው ሄጄ ጋበዝኳቸውና ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። አዎ፣ ቂመኛ ነኝ። እናቴን ከጎናቸው አደረግኋት። ነህምያ በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ቦታ ቆመ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ያን ዕለት ግድግዳው ላይ የሚያበራው ጽሑፍ አልነበረውም። "ማቅለጫው መጋዘን ድረስ ሄድን" አለ። "በቢጫ ሲባጎ በድርብ የታሰሩ ጆንያዎች አገኘን። ከየት እንደመጡ የሸጠላቸውን ነጋዴ ተከትለን ደረስንበት፤ ወንዙም፣ ጉድጓዱም ይህ ሰው በነገረን ቦታ ነው። ድንጋዩ በእኛ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሳናይ ገዛን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ያንን ማቅለጫ ትተናል። ከእንግዲህ ሰዎቻችን ከጉድጓዱ አፍ ጀምረው፣ ሳይቀላቀል ያያሉ፤ የሚመጣበትም ቦታ ስም በየሱቃችሁ ይለጠፋል።" ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። "ነህምያ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።"

እትዬ ገነቴ እልልታዋን ለቀቀችው። አዳራሹ ተቀበላት፤ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር ይላሉ፣ አላስታውስም። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ቀና ብላ ጋሽ ማቴዎስን ብቻ ታያቸው ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ረገበ። "በጉባኤ ፊት ነው ያዋረድኩህ" አሉ። "እነሆ በጉባኤ ፊት፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።" እኚያ ሽማግሌ ለወጣት አንገታቸውን ሲደፉ አይቼ አላውቅም። የያዝኩባቸው ቂም ሁሉ ከሆዴ ወጣ።

ነህምያ ከበሩ ተላቆ በሰው መሃል አለፈ። እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ከዚያ ማይክራፎኑን ተቀበለና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከመጀመሪያው ልጀምር" አለ።

አስተናጋጆቹ ምሳ መቅረቡን ሁለቴ ነገሩን፤ ምሳው ቀዘቀዘ። ወንድሜ ሲናገር ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም።