አኩራፊው ውሃና የማሙሽ ስም

ሁለት አያቶች በአንድ የልጅ ልጅ ስም ተጣሉ ቢባል ማን ያምናል? የቁስቋም መንገድ ሰፈርተኛ ግን ያምናል፤ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በግድግዳ በኩል ሲሰማ ከርሟልና። እሑድ ክርስትና ነው፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ በጉ ጓሮ ታስሮ ይጮኻል፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። የክርስትና ስሙን ካህኑ ይሰጡታል፣ በእሱ ማንም አልተጣላም። ጠቡ ከደጅ ሲጠራ "አቤት" በሚልበት ስም ላይ ነው።

የአባትየው አባት መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ የቆሙ የሚመስሉ ሰው ናቸው። "ዕንባቆም ይባላል፤ አለቀ!" አሉ። የእናትየው አባት አያ እንዳልካቸው ደግሞ ከጎንደር ባሕር ዳር አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸው ፍሬን የሚፈልግ ሰው ናቸው። እሳቸው "ካሴ ይባል" አሉ። ለምን ካሴ እንዳሉ ለማንም አልተሰወረም። ክንዱ የሚባል አንድ ወንድ ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት በጉበት ሕመም ሞቶባቸዋል፤ ማሙሽ ካሳቸው እንዲሆን ነው የፈለጉት።

መሪጌታም ከመሬት ተነሥተው አልተከራከሩም። ገና ጥርስ ያላበቀለ ልጅ የሟች ቦታ ሊሞላ አልተወለደም፣ ራሱን ችሎ ይጠራ ባይ ናቸው። ይህንኑ በለሆሳስ ቢናገሩት ምን ነበረበት! በለሆሳስ መናገር አይችሉበትም እንጂ።

"ልጅ ኢንሹራንስ ነው እንዴ፣ አያ እንዳልካቸው? ካሳ የሚጠየቀው ማኪና ሲጋጭ ነው!" ብለው አንባረቁ።

አያ እንዳልካቸው ተነሡ። ከዚያ "ዕንባቆምስ ቢሆን? አስተማሪው ስሙን ጠርቶ እስኪጨርስ የዕረፍት ደወል ይደወላል" አሉና ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። አራሷ ሰርካለም አለቀሰች። ባሏ ኪዳነወልድም ከአባቱና ከአማቱ የማንን ወገን እንደሚይዝ ቢጨንቀው ሽንት ጨርቅ ሊያጥብ ወደ ጓሮ ሄደ።

መላውን ያመጡት የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ እንኳየሁ ናቸው። "ፍርዱን ለአኩራፊው ስጡት" አሉ። አኩራፊው ከማክሰኝት ገባ ብሎ፣ ገደል ሥር ያለ ፍል ውሃ ነው። ድንጋይ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ሲንተከተክ ይቆይና፣ ሲያሰኘው ዘሎ የዋርካ ቁመት ያህል ወደ ሰማይ ይወጣል። ከዚያ ተመልሶ ያኮርፋል። "የሚነሣበትን ሰዓት በትክክል የጠራ ስሙን ያውጣ፤ ዳኛዋ እኔ ነኝ" አሉ። ጉልበታቸውን በዚያ ውሃ ለመዘፍዘፍ ስንት ዓመት ለምነው፣ የሚወስዳቸው አጥተው እንደኖሩ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስቱ በሚኒባስ ማክሰኝት ገቡ፣ በባጃጅ ገደሉ አፋፍ ደረሱ፣ የቀረውን በእግራቸው ወረዱ። አያ እንዳልካቸው ከድንጋዩ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመው፣ ጉድጓዱን እንደ ሞተር አዩና "ይኼ እኮ ራዲያተሩ የተበላሸ ነው" አሉ። አኩራፊው እዚያው መለሰላቸው። ጉር ጉር አለ፣ ተነሣ፣ ወጣ፣ ነፋሱም ይዞት መጥቶ የክት ኮታቸው ላይ ደፋው። ደግነቱ ለብ ብሎ ነው የወረደ።

"ሰዓት ያዙ!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ እንኳየሁ፤ ጫማቸውን ከወዲሁ አውልቀዋል።

አያ እንዳልካቸው ስልካቸውን አወጡ። መሪጌታ መቁጠሪያቸውን አወጡ። አርባ አንድ ፍሬ ያለው የጥቁር ክር መቁጠሪያ ነው። በያንዳንዱ ፍሬ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያሉ ሲጨርሱ አንድ ዙር ይሆናል።

"ምነው መሪጌታ፣ አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ነው?" አሉ አያ እንዳልካቸው።

"ዙር ዙር ነው! ደቂቃ ማን ነች?" አሉ መሪጌታ። በሕይወታቸው አንዲት ፍሬ ዘለው አያውቁም፣ አንዲትም ደግመው አያውቁም። ባትሪ ያልቃል፣ መቁጠሪያ ግን አያልቅም ብለው ያምናሉ፤ ያመኑትንም ሸለቆው ሁሉ እስኪሰማ ይናገራሉ።

ወይዘሮ እንኳየሁ ከአኩራፊው በታች ካለችው ለብታ ኩሬ እግራቸውን ነክረው ሕጉን አወጡ። አንዱ "አሁን!" ሲል እሳቸው አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ። ጸሎቱ ሳያልቅ ውሃው ከተነሣ ሰውየው አሸነፈ፤ ካልተነሣ ጥሪው ከንቱ ነው።

አኩራፊው ሁለተኛ ሲነሣ ሁለቱም ልኩን ያዙ። "አሥራ ሁለት ዙር፤ እንደ ሐዋርያት!" አሉ መሪጌታ በድል። አያ እንዳልካቸው ስልካቸውን አይተው፣ ቀና ብለው አሰቡ። "ከአዘዞ ማክሰኝት ነው ልኩ። ከነፍተሻው" አሉ። የሠሩበት መንገድ ነው፣ ሌላው ሰዓት ሁሉ ለእሳቸው የዚህ ትርጉም ነው።

እውነተኛው ግጥሚያ ተጀመረ። መሪጌታ ከዙር ዙር ሲሄዱ አንድ ገበሬ አህያውን ነድቶ ወደ ማክሰኝት ገበያ ሲያልፍ ደረሰና "እንደምን አደራችሁ!" አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ አህያውን አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሁለት እጅ ለዘረጋ ሰው አንድ እጅ መስጠት ጎንደር ውስጥ ከስድብ ይቆጠራል። መሪጌታ መቁጠሪያውን አዩ፣ የተዘረጋውን እጅ አዩ። በመጨረሻ መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ ጥለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ፍሬዋ ጠፋች።

አያ እንዳልካቸው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "ቤተሰብ ደኅና? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ያዛችሁ? አህያውስ ሸጋ ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው?" እያሉ ሰውየውን አስቆሙት። ገበሬውም የተጠየቀውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰ። ሲሄድ አያ እንዳልካቸው በደስታ ሰክረው "አሁን!" ብለው ጮኹ። ወይዘሮ እንኳየሁ አቡነ ዘበሰማያትን ከነአሜኑ ጨረሱ። ውሃው አልተነፈሰም።

"ቸኮሉ" አሉ ዳኛዋ።

"ፍተሻ የለም ብዬ እኮ ቀንሼ ነው!"

"ከገደል ሥር የምን ፍተሻ ነው የሚቀንሱት፣ እግዜር ያሳይዎ!" ብለው መሪጌታ ጀመሩ። አያ እንዳልካቸውም መለሱ። ሁለቱ እየተጨቃጨቁ አኩራፊው ከጀርባቸው ተነሥቶ፣ ወጥቶ፣ ገባ።

ምሳ ሆነ። ወይዘሮ እንኳየሁ ድርቆሽ ፍርፍራቸውን ፈቱ። መሪጌታ ከጠብ የሚበልጥ ሕግ ያውቃሉ፤ እንግዳ ሳይቀምስ አይቀምሱም። "ይቅደሙ" አሉ።

"የለም፣ አንቱ ይቅደሙ።"

"በሞቴ!"

"እኔ አፈር ስሆን!"

"አልነካትም፣ ማርያምን!"

"ካልቀደሙማ እኔም ጾሜን እውላለሁ!"

እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ ሌላውን ወደ ፍርፍሩ እየጎተተ ሳለ አኩራፊው ከእስካሁኑ ሁሉ ሸጋውን ዝላይ ዘለለ። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስልኩ ሣሩ ላይ፣ መቁጠሪያው ጨው ዕቃው ላይ ተጋድሟል። ወይዘሮ እንኳየሁ ብቻ አፋቸውን እንደሞሉ "እኔ አይቻለሁ፣ ግሩም ነበር" አሉ።

ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ዝላይ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ገደሉ አፋፍ የቀጠሩት ባጃጅ ትቷቸው ይሄዳል፤ ነገ ደግሞ ክርስትና ነው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማንም ሁለት እጅ እንዳይዘረጋላቸው ጀርባቸውን ለዓለም ሰጥተው ቆጠሩ። ዙር በዙር ሄዱ። አሥረኛው አለቀ። አሥራ አንደኛው አለቀ። ዕንባቆም፣ ዕንባቆም አለ ልባቸው።

አሥራ ሁለተኛውን እንደጀመሩ የአያ እንዳልካቸው ስልክ እሪ አለ።

"ዝጉት እንጂ! የሰው ቁጥር ሊያጠፉ ነው?" ብለው መሪጌታ ጮኹ፤ ጣታቸው ግን ፍሬዋን አልለቀቀችም።

"ሰዓት መያዣው አይደለም። የመድኃኒት ነው" አሉ አያ እንዳልካቸው። ድምፃቸው ተለውጧል። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት፤ "አባባ፣ የግፊትህን ክኒን ዋጥ። ውጫለሁ ብለህ እንዳትዋሽ።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ክንዱ ነው የሞላው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይጮኻል። ማጥፋቱን አላውቅበትም።"

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ሲጠነቁሉ የዋሉ ሰው ናቸው። ማጥፋቱን እንደሚያውቁ መሪጌታ አወቁ፣ ወይዘሮ እንኳየሁ አወቁ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ በራሱ ዝም እስኪል አያ እንዳልካቸው አልነኩትም። ከዚያ ስልኩን ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከኮታቸው ኪስ ክኒኑን ፈልገው አወጡና ጀርባቸውን ሰጡ። ሳይዞሩ ቆዩ። ክኒን ለመዋጥ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ልጅ ኢንሹራንስ ነው እንዴ ብያቸዋለሁ፤ በዚህ አፌ ብያቸዋለሁ፣ አሉ መሪጌታ በልባቸው። ያን ጊዜ አያ እንዳልካቸው ኮፍያቸውን አንሥተው የወጡት በክርክር ተሸንፈው መስሏቸው ነበር።

ጣታቸው ግን ከልማዷ አልቆመችም፣ እየቆጠረች ሄዳ መጨረሻዋ ፍሬ ላይ ደረሰች። ከድንጋዩ ሥር ጉርርታው ጀመረ። አሁን ነው፤ ሌላ አሁን የለም። አንዲት ቃል ነች የቀረችው፣ አጠገባቸውም ተፎካካሪ የለም። መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። አውራ ጣታቸውን መጨረሻዋ ፍሬ ላይ ተከሉና እንደ ድንጋይ ቆሙ።

"መሪጌታ..." አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ።

መሪጌታ በዐይናቸው ብቻ ተቆጧቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ድምፅ የተናገሩት ይህችን ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጉርርታው አየለ። አያ እንዳልካቸው አፍንጫቸውን ጠራርገው ዞሩ፣ ስልኩን ከሣሩ ላይ አፈፍ አደረጉ፣ ዐይናቸው ፈጠጠ። "አሁን! አሁን ነው!" ወይዘሮ እንኳየሁ "አቡነ ዘበ..." ከማለታቸው አኩራፊው ተነሣ።

ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ አያ እንዳልካቸው ሾፌሩን "ማርሽ ቀንስ" ማለት እንኳ ረሱ። አዘዞ ሲቃረቡ "እንዴት አመለጠዎት?" አሉ።

"ፍሬ ዘለልሁ" አሉ መሪጌታ ወደ መስኮቱ እያዩ።

"አንቱ?"

"አዎ እኔ! ሰው አይደለሁም?"

አያ እንዳልካቸው ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

ቤት ሲደርሱ ሰርካለምና ኪዳነወልድ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። "ማን አሸነፈ?" አለች ሰርካለም በፍርሃት። ወይዘሮ እንኳየሁ በአገጫቸው ወደ አባቷ አመለከቱ። አያ እንዳልካቸው ሕፃኑን ተቀበሉ፣ ዐይን ዐይኑን አዩት፣ አፋቸውን ከፈቱ። ስሙ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ስንት ዘመን አውቶቡስ ሙሉ ሰው "ዙር፣ ጠጋ በል!" ሲሉ የኖሩት ሰው አንዲት ስም መጥራት አቃታቸው። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ራመድ ብለው ልጁን ተቀበሏቸው። በነጭ ጋቢያቸው ላይ ከፍ አድርገው፣ ድንኳኑ እስኪነቃነቅ፣ በጉ ጩኸቱን እስኪያቆም፣ በሙሉ የድጓ ድምፃቸው፦

"ካሴ!" አሉት። "ካሴ፣ የኔ ጌታ!"

ልጁ ደነገጠ፣ ተንፈራገጠ፣ ከዚያም ያለ ምንም ጉርርታ ሽንቱን ወደ ላይ ተኮሰው። ጋቢው ራሰ፣ የመሪጌታ ጢም ራሰ።

አያ እንዳልካቸው እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ "ሰዓት ያዙ!" ብለው ጮኹ።