ገዲሴ መሃል የቆመች ቀን

ደምሰው መጀመሪያ የመታው ላሟን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሰው ሁሉ የየራሱን መጀመሪያ ስላወራ ነው። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። አይቻለሁ።

ለቡ ውስጥ የእኛ መንደር ቁልቁለት ላይ ነው። ከላይ ደምሰው አዲስ ቤት ሠርቷል። ከታች ገዲሴ አለች። ግቢዋ ከባሏ ከለታ እርሻ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ሌላው መሬት ሁሉ ቤት ተሠርቶበታል። ለታ ሞቷል። ገበያ ውስጥ ተጣልቶ አንድ ሰው በዱላ ገደለ፤ የሟች ወንድሞች ደግሞ መንገድ ላይ ጠብቀው እሱን ገደሉት። ልጁ ቦና ያኔ ገና በእግሩ አይሄድም ነበር። ገዲሴ ወተት እየሸጠች አሳደገችው። አሁን ጫኝና አውራጅ ሆኗል። ትከሻው ሰፊ ነው። ቁጣው የአባቱ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ብላኛለች።

«ጋሽ ቦጋለ፣ እኔ ከእግዜር ብዙ አልጠይቅም። ይህ ልጅ ሰው ሳይገድል፣ ሰውም ሳይገድለው ያርጅ። ሌላውን ራሴ እሠራዋለሁ።»

ጠቡ የመጣው በውሃ ነው። ደምሰው በአጥሩ ሥር የሚያልፈውን ቦይ በሲሚንቶ ደፈነው። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ሌላ መንገድ አጣና ገዲሴ በረት ውስጥ ገባ። ለመነችው። ሽማግሌ ላከች፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። «ክረምቱ ይውጣና አየዋለሁ» አለን። ክረምቱ ከወጣ ምን ሊያይ እንደሆነ አልነገረንም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ተገኙ። አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ ልትወልድ ደርሳለች። ቦና ላሞቹን አውጥቶ ሽቅብ ነዳና ደምሰው በር ላይ፣ አዲሱ ኮብልስቶን ላይ አቆማቸው። በሩ በእበት ተሞላ። ሰው ተሰበሰበ።

ደምሰው ወጣ። ግንበኞቹ ትተውት የሄዱትን ፌሮ ብረት ይዟል።

«ላምህን ከደጄ አንሳ!»

«ውሃህን ከበረቴ አንሳ!»

«ሰውዬ፣ ይህ መንገድ ነው። ገጠር መሰለህ እንዴ?»

«ገጠር ነበር» አለ ቦና። «አንተ መጥተህ ነው ባሕር ያደረግኸው። መርከብ ግዛና ጨርሰው።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የደምሰውን ፊት እያየሁ ነበር። በዕድሜዬ ካየሁት ጠብ ብዙውን የጀመረው ሰው ፊት የተሳቀበት ሰው ነው።

ፌሮውን አነሳና የእርጉዟን ላም የፊት እግር መታ። አጥንቱ ሲሰበር እኔ እስካለሁበት ተሰማ። ላሟ በጉልበቷ ወደቀች፤ ልትነሳ ስትሞክር የተሰበረው እግር በሌላ በኩል ታጠፈ። ጮኸች። ላም እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ቦና ዶማ ይዞ ነበር። ደምሰውን በዶማው እጀታ፣ ከጆሮው በላይ መታው። ደምሰው አንድ ጊዜ እንደ መቀመጥ አለና በጎኑ ወደቀ። ደሙ በኮብልስቶኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ከውሃው ጋር ወደ ታች ሮጠ። ቦና ዶማውን ገለበጠ። አሁን ብረቱ ወደ ታች ነው።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

በእኔ ልጅነት ይህን ቃል የሰማ ሰው የዘረጋው እጅ ባለበት ይቀር ነበር። ቦና ዞሮም አላየኝ። ያስቆመችው ገዲሴ ናት። ከየት እንደመጣች አላየኋትም፤ ጭቃው ላይ ተወርውራ ሁለቱን እግሮቹን አቀፈች። ቦና ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ዶማው ከእጁ ወጣ። ዶማውን እኔ አነሳሁት።

የደምሰው ሚስት ፀሐይወርቅ በባዶ እግሯ ወጣች። ጎረቤታችን ሰዒድ ሚኒባሱን አስነሳ፤ ደምሰውን ሦስት ሆነን ጫንነው። ዓይኑ ተገልጧል ግን አያይም። ፀሐይወርቅ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስልክ ትደውል ነበር። «ገደሉት፣ ወንድምህን ገደሉት» እያለች ስታለቅስ ሚኒባሱ ሄደ። የደወለችው ጎፋ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሙ ለክርስቲያን ነው።

ገዲሴ ልጇን ያዘችው።

«ተነስ። ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ።»

«እሱ ነው የጀመረው።»

«እሱ ይጀምር። አንተ ሂድና እጅህን ስጥ። ውስጥ ከሆንክ ማንም አያገኝህም።»

«ላሟን እንዲህ ትቼ አልሄድም» አለ ቦና።

እውነቱን ነው። ላሟ ገና ትጮሃለች። ገዲሴ ላሟን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች። ቤት ገብታ ቢላውን አመጣችለት። ስሕተቷ ይህ ነበር ይላሉ አንዳንዶች። ከብት ያረባ ሰው ግን እንዲያ የወደቀች ላም ጥሎ አይሄድም። ቦናና አንድ ጎረቤት ላሟን ወደ ገዲሴ ግቢ ደጅ ጎትተው አረዷት። ሆዷ ውስጥ ጥጃው ሲንፈራገጥ ከውጭ ይታይ ነበር። ቦና በቢላ ከፈተና አወጣው። ትንሽ ተነፈሰ፤ ከዚያ ተወ። ቦና እስከ ክንዱ ደም ሆኖ፣ የሞተውን ጥጃ እግሩ ሥር አስተኝቶ፣ ቢላውን እንደያዘ ቆመ። እንባው ይወርዳል።

ክርስቲያን የደረሰው ይህን ጊዜ ነው።

ፒካፕ ነው የመጣበት፤ ሁለት ጓደኞች ይዟል። ሦስቱም ፌሮ ጨብጠዋል። ወንድሙ ሞቷል ተብሎ ነው የመጣው። ከመኪናው ሲወርድ ያየው ደም የነካው ሰው ቢላ ይዞ ቆሞ ነው። ላሟን ያያት አይመስለኝም።

«የትኛው ነው? አንተ ነህ? አንተ ውሻ፣ ወንድሜን አርደኸዋል!»

«ወንድምህ አልሞተም!» አልኩት። «ሐኪም ቤት ነው!»

«ዞር በል አንተ ሽማግሌ!»

በክንዱ ገፋኝ። አጥሩ ላይ ወደቅሁ።

ገዲሴ ወደ ቤት ሮጠች። ሲንቄዋን ይዛ ወጣች።

ሲንቄ ቀጭን በትር ነው። በኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች። ለመምቻ አይደለም፤ ከብትም አይነዱበትም። ወንዶች ሲጣሉ ሴቲቱ ይዛው መሃል ትገባለች። እሷ በትሯን ይዛ ከቆመች ወንዱ አልፎ አይመታም። እዚህ መንደር ተወልዶ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ኦሮሞ ሆነም አልሆነም። ክርስቲያን ግን የዚህ መንደር ሰው አይደለም። እሱ ያየው አንዲት ሴት በትር አንስታ ስትሮጥበት ነው። መታት።

ፌሮው በትሩን ሰብሮ ክንዷ ላይ አረፈ። ክንዷ ከእጅ አንጓዋ በላይ ታጠፈ፤ ነጭ አጥንት ወጣ። ወደቀች።

ከየግቢው ወንዶች ወጡ። መጥረቢያ፣ ዱላ፣ አካፋ። ከኦሮሞዎቹም ከአማራዎቹም፤ ሰዒድም ሐኪም ቤት ባይሄድ ይወጣ ነበር። የክርስቲያን ጓደኞች የሰውን ፊት አዩና ፒካፑን አስነስተው ሸሹ። ክርስቲያን ሲጠራቸው አልቆሙም። ብቻውን ቀረ። ጀርባውን ለገዲሴ ግድግዳ ሰጥቶ ፌሮውን ወደዚህም ወደዚያም ያወዛውዛል። ገና ልጅ እግር መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ለእኔ ተዉት» አለ ቦና። «ማንም እንዳይነካው። የእኔ ነው።»

ወንዶቹ ቆሙለት። ቦና ቢላውን ይዞ ሄደ።

ገዲሴ ተነሳች። የተሰበረውን ክንድ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ከሲንቄው የቀረውን ቁራጭ በግራ እጇ ይዛ፣ ክርስቲያን ፊት ቆመች። ጀርባዋን ለእሱ ሰጠች። ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

«እማ፣ ዘወር በይ።»

«አልዞርም።»

«እጅሽን ሰበረው!»

«የተሰበረው የእኔ ነው። አንተ ምን ሆንክ?»

«ሲንቄሽን ሰበረው! ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ!»

«እሱ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። እየው፤ ይኸው ቁራጩ። አልፋለሁ ካልክ እለፍ።»

ቦና በቀኝ ሊዞራት ሞከረ። ወደ ቀኝ ሄደች። በግራ ዞረ፤ ወደ ግራ ሄደች። ሕመሙ ሲበዛባት ጎንበስ ብላ አስመለሰች፤ አፏን በትከሻዋ ጠርጋ እንደገና ቀና አለች። ከኋላዋ ክርስቲያን ፌሮውን አነሳ። ፍርሃት ነው ያስነሳው፤ ግን የሚያርፈው እሷ አናት ላይ ነበር። እኔ በግድግዳው ጥግ ተጠግቼ ስለነበር ፌሮውን በሁለት እጄ ያዝኩ። በቡጢ አፌን አለኝ። ሁለት ጥርስ ዋጥኩ። አልለቀቅሁም።

«አንተ ሞኝ» አልኩት ደም በሞላው አፌ፣ «በዚህ መንደር ዛሬ የሚያድንህ የእሷ ጀርባ ብቻ ነው። ልትመታው ነው?»

ፌሮውን ለቀቀው።

ከኋላ ካሉት ወንዶች አንዱ ጮኸ። «ገዲሴ፣ አንቺ ልቀቂ! ለጠላት ታዝኛለሽ?»

«ማነው እሱ? ወንድ ከሆንክ ና፣ ይህን እንጨት አንተ ተሻገር!»

አልመጣም። ቁልቁል ከታች የሴቶች እልልታ ተሰማ። ሰው ሁሉ አኮ፣ ማለት አያቴ፣ የሚላት አሮጊቷ ኦብሴ ሲንቄዋን ይዛ እያነከሰች መጣች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች አሉ፤ ሲንቄ ያላት ሲንቄ፣ የሌላት ባዶ እጇን ይዛለች። ከነሱ መሃል ወሎዬዋን ገበያነሽን አየኋት፤ እሷ የሙቀጫ ዘነዘና ነው የያዘችው። ኦብሴ ዘነዘናውን አየችና «አንቺ ልትወቅጪ ነው ልታስታርቂ?» አለቻት። ገበያነሽ ጣለችው። ሴቶቹ ከገዲሴ ግራና ቀኝ ቆሙ።

ቦና ቢላውን ከፍ አደረገ። እናቱን አየ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከና መሬቱን ወጋው። ደጋግሞ ወጋው። ድንጋይ አገኘ፤ ቢላው ተሰብሮ መዳፉን ቆረጠው፤ በስባሪውም ወጋ። እንደ ላሟ ይጮሃል። ማንም አልያዘውም። እጁ እስኪዝል ጠበቅነው።

ገዲሴ ዞራ ሳታይ ክርስቲያንን «ግባ» አለችው።

«የት?»

«ቤቴ። በሩ ክፍት ነው።»

«እዚያ ልታስገድሉኝ ነው።»

«ልጅ» አለችው፣ «ልትሞት ብትሆን እዚሁ ትሞት ነበር። እግርህን ጥረግና ግባ።»

ገባ። እሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ፖሊስ ጎርፉን አልፎ እስኪደርስ ከዚያ አልተነሳችም። ክንዷን በነጠላ አስረንላት ነበር፤ ነጠላው ቀላ። ፖሊሶቹ ሁለቱንም አሰሩ፤ ቦናን ከፊት፣ ክርስቲያንን ከኋላ አስቀምጠው ወሰዷቸው። እሷን ባጃጅ ላይ ሳስቀምጣት ያን ጊዜ ነው ራሷን የሳተችው።

ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ስለ ጥሩ ኑሮ ሲያወሩ እሰማለሁ። በጊዜ ተነሱ፣ ፈገግ በሉ፣ ውሃ ጠጡ ይላሉ። አልቃወምም። እኔ ግን ጥሩ ሰው ማለት ማን እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ፈገግ አላለችም።

ደምሰው ተረፈ። ንግግሩ ይንተባተባል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። ክርስቲያን ገዲሴን ስለመታ ተፈርዶበት ታስሯል። ቦናም ደምሰውን ስለመታ ተፈርዶበታል። የገዲሴ ክንድ ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ በአንድ እጇ ነው የምታልበው። መንደሩ ደግሞ ሁለት ሆኗል። ግማሹ ያከብራታል። ግማሹ ወተቷን መግዛት ትቷል፤ የጠላቷን ነፍስ አድና ልጇን ለእስር ሰጠች ብሎ።

ባለፈው እሑድ ስንቅ ልታደርስለት አብሬያት ሄድኩ። ቦና ከስቷል። ስለ ላሞቹ ጠየቃት፤ የትኛዋ ወለደች፣ የትኛዋ ታለበች። የተፈታ ቀን ክርስቲያንን የትም ቢያገኘው እንደማይለቀው ነገራት። እሷም «እሺ፣ መጀመሪያ ብላ» ብላ ምሳ ዕቃውን ከፈተችለት። በላ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች የሰፈር ሴት ከንፈሯን መጠጠች።

«አይ ገዲሴ፣ ያን የሰው ልጅ አድነሽ የራስሽን እስር ቤት ከተትሽው።»

«ስለዚያ ልጅ ማን አሰበ?» አለች ገዲሴ። «እኔ የያዝኩት ቦናን ነው።»

«ይኸው እሱንም አላገኘሽውም።»

«አሁን አይቼው አልመጣሁም እንዴ? ጠግቦ በልቷል። የአባቱን ቁጣ ገና አልተወም፤ ጊዜ አለን፣ እየሄድኩ እነግረዋለሁ።»

ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ገዲሴ ባዶውን ምሳ ዕቃ በደህና እጇ አነሳችና ረዳቱን ጠራችው።

«ወራጅ አለ።»