የስም መሰረዣው ወረቀት

እማ፣ አንዴ እምቢ ካልን ለምንድነው ደግመው ደጋግመው የሚጠይቁን፣ አይሰሙም እንዴ፣ ብላ ነበር ኤመይ ባለፈው የድምፅ መስጫ ቀን፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሰልፉ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ ሳቁ፣ እናቷ ቱራንግ ግን ይሰማሉ ልጄ፣ ይሰማሉ አለች፣ ሌላ ምን ትበል።

አሁን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ናት፣ ጎደሬዋ መሃል፣ አረም ትነቅላለች፣ ወረቀቱ ዳር ላይ ነው፣ ቅርጫቷ ውስጥ፣ እንዳይረጥብ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላዋለች፣ ለምን ትጠቀልለዋለች፣ ቢረጥብ ምን ነበረበት፣ አይ፣ ወንድሟ በእጁ የሰጣት ነው፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ፣ ፊቷን ሳያይ። እትዬ ቱራንግ፣ አንድ ፊርማ ናት፣ ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ አለ ቴቹር። ምን ይላል? ስሜን ከክሱ አውጥቻለሁ ይላል፣ በቃ። በቃ! ለአንተ በቃ ነው።

ነገሩን ለራሷ ደግማ ትለዋለች፣ ሐሳቧ እንዳይሸሻት፣ ፓላው፣ ትንሿ የደሴት አገራችን፣ ሕገ መንግሥቷን ስትጽፍ የኑክሌር መሣሪያ በምድራችንም በባሕራችንም አይገባም አለች፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ይግባ ካላሉ በቀር፣ ከዚያ ከአሜሪካ ጋር ስምምነት መጣ፣ ገንዘብ አለው፣ የጦር መርከብም አለው፣ መርከቡ ውስጥ ኑክሌር አለ ወይ ሲባሉ አለም የለምም አንልም ይላሉ፣ ይሄ ምን ዓይነት እንግዳ ነው፣ የተከደነ ቅርጫት ይዞ ቤትሽ ይገባል፣ ምንድነው ስትዪው ዝም፣ ልጆችሽ የሚተኙበት ያስቀምጠዋል። ሕዝቡ ስንት ጊዜ ተሰለፈ፣ ከግማሽ በላዩ ይሁን አለ፣ ሦስት አራተኛው ግን አልሞላም፣ እንግዲያው ቆጠራው ይለወጥ፣ ግማሽ ይብቃ ተባለ፣ ያኔ ነው አንዳንድ የአገሩ ሴቶች ፍርድ ቤት የሄዱት፣ መስፈሪያው ጠበበ ተብሎ አይቀደድም ብለው፣ እሷም ፈረመች፣ ስሟን በትልልቅ ፊደል፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት እጅ ጽሕፈት።

እማማ ኡቸሊው፣ ከከሳሾቹ በዕድሜ ትልቋ፣ ባለፈው ሳምንት መስኮታቸው በድንጋይ ሲሰበር ምን አሉ፣ ጎሽ፣ ቤቱ ነፋስ አጥቶ ነበር አሉ። ስፔን ሳይጠይቀን መጣ፣ ጀርመን ሳይጠይቀን፣ ጃፓን ሳይጠይቀን፣ ይሄኛው እንኳ ጨዋ ነው ይጠይቃል፣ ችግሩ መልሱን አለመውደዱ! ሁሉም ሳቁ፣ ቱራንግም ሳቀች፣ ስብርባሪውን እየጠረገች።

ቴቹር አይስቅም። የመንግሥት መንገድ ሠራተኛ ነው፣ ነበር፣ ገንዘብ የለም ተብለው ቤታችሁ ጠብቁ ከተባሉ ወራት ሆኑ፣ አምስት ልጆች። አለቃዬ ነግሮኛል እትዬ፣ የእህትህ ስም እዚያ እያለ ያንተ ስም እዚህ አይመለስም ብሎኛል፣ በአንቺ ኩራት ልጆቼ ይራቡ? ኩራት አይደለም። ታዲያ ምንድነው? ደግሞ አንቺ ኑክሌርን የት አየሽው? ጎደሬ ውስጥ?

የት አየችው። እውነቱን ነው፣ አላየችውም፣ ያየችው አሜሪካ የኑክሌር ቦምብ ከሞከረባቸው ከማርሻል ደሴቶች የመጣችውን ሴት ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ የቀዶ ጥገና ጠባሳ፣ ደሴታችን ውብ ናት አለች፣ ዓሣው አለ፣ ኮኮናቱ አለ፣ ብቻ አንበላውም። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ምሳ ሲቀርብ ጎደሬውን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ከዚህ አፈር ነው? አዎ እህቴ፣ ከዚህ አፈር ነው። በላች፣ ደግማ ለመነች፣ ደግማ ጠየቀች፣ ከዚሁ አፈር?

ከዚሁ። የቱራንግ እናት አፈር፣ የእናቷ እናት አፈር፣ እግሯ ጭቃውን ያውቀዋል፣ የቱ ጋ እንደሚጠልቅ፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንዳለ። ታማትባለች፣ ጭቃው ግንባሯ ላይ ይቀራል። አምላኬ፣ ከወንድሜና ከቃሌ አንዱን ምረጪ አትበለኝ፣ አንድ ጡት ነው የጠባነው፣ እኔ እንዲህ ያለ ምርጫ አልተማርኩም፣ ጎደሬ መትከል ነው የማውቀው። ጎደሬ መትከል። ቆይ፣ ቴቹር ምን ነው ያጣው፣ ደመወዝ፣ ደመወዙ ምን ይሆን ነበር፣ ሩዝ፣ ሰርዲን፣ የልጆች ሆድ። ሚስቱ ኢቡች የኮሮር ከተማ ልጅ ናት፣ እዚህ መሬት የላትም፣ በአገሩ ልማድ ጎደሬ የሴት ሥራ ነው፣ ባሏም አይገባበትም። ቱራንግ ቀና ትላለች፣ የላይኛው ማሳ፣ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው፣ ከሁሉ የሚያምረው፣ የኤመይ ነው ብላ ያስቀመጠችው፣ አይ ያ አይሆንም፣ የታችኛውን ልስጥ፣ የታችኛው ይጎመዝዛል፣ የሚጎመዝዝ ለወንድም ይሰጣል እንዴ፣ ያሳፍራል። ኤመይ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። እስክታድግ ጎደሬው ስንቴ ይነቀላል፣ ስንቴ ይተከላል።

ማግስቱን ጠዋት ቴቹር እስኪመጣ አልጠበቀችም፣ እሷው ሄደች፣ ወረቀቱን ሳትፈርምበት ሰጠችው። ስሜ እዚያው ይቆያል፣ የላይኛው ማሳ ግን ሥራህ እስኪመለስ የቤትህ ነው። በጎደሬ ልትገዢኝ ነው፣ እትዬ? አይደለም፣ ቁጣህ ይኑርህ፣ ብላና ተቆጣ። በሩን አልዘጋባትም፣ ግቢም አላላትም። ኢቡች ናት ቅርጫት አንስታ የተከተለቻት፣ ማሳው ዳር ደርሳ ቆመች፣ ወይኔ፣ እባብ የለውም? የለውም፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ከዚህ ድንጋይ እስከ ቦዩ ያንቺ ነው። ኢቡች አንድ እግሯን አስገባች፣ ጮኸች፣ ሳቀች፣ ሁለተኛውን አስገባች። ቱራንግ ቦዩ አፍ ላይ ያለውን ድንጋይ አንስታ ውሃውን ወደ እሷ ለቀቀችው።