ከእስር የተፈታ ሰው ምግብ

ጣልያን ሸምሶን ሲፈታው ቡታጅራ የደረሰው በሰው በቅሎ ተጭኖ ነው። ኧረ ጉድ! ያ ደንዳና ሰውዬ አጥንትና ዓይን ብቻ ቀርቶ! ሚስቱ ከድጄ ጮኸች፤ ጩኸቷን ሳትጨርስ ግን እሳት አቀጣጠለች። በሰፈሩ አራስ ብትደክም፣ በሽተኛ ቢከሳ፣ ምን ይብላ ተብሎ የምትጠየቀው እሷ ናት። ለተራበ አንጀት ቀጭን የቡላ አጥሚት በማንኪያ በማንኪያ፣ ሌላ ምንም!

«ልጄን እንደ ሕፃን አጥሚት ልታጠጪው?» አሉ አማቷ ሳፊያ። «ለመንገደኛ እንኳ ክትፎ የምናቀርብ ሰዎች! ምን ነካሽ?»

«እማ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ሥጋ እንዳያስነኩት። ይጎዳዋል።»

ይገድለዋል ማለት ነበረባት። ለእናት ግን እንዴት ተብሎ!

በማግስቱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሸምሶ ጢሙ በቅቤ ርሶ ይስቃል። የክትፎው ጣባ ባዶ ነው። ሳፊያ አጠገቡ ቁጭ ብለው ያጎረሱበትን ጣት ይጠራርጋሉ፤ ደስታቸው ለጉድ ነው። ከድጄ እንስራውን ማውረድ አቃታት።

ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ። ሁለት ቀን እንኳ አልቆየላቸውም።

«ጣልያኖቹ መርዘው ነው የላኩልኝ!» እያሉ ሳፊያ ደረታቸውን ደቁ። ለቀስተኛው ሁሉ አመነ። ከድጄ እውነቱን ውጣ አብራ አለቀሰች።

በዚህ መሃል ጎረቤቷ አደይ ገብታ አለቀሰችና ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። «የኔም ባል ዱባለ ዛሬ ተፈታ። ከስቶብኛል። አማቴ ክትፎውን እያሹለት ነው፤ ቶሎ ልመለስ፣ አትቀየሚኝ።»

ከድጄ ብትናገር ሳፊያ ይሰማሉ። ባትናገር ዱባለ ይሞታል።

«አደይ፣ እንዳታቀምሱት!» አለች ጮክ ብላ። «ሸምሶን መርዝ አልገደለውም!»

ልቅሶው ተቋረጠ።

«ታዲያ ምን ገደለው?» አሉ ሳፊያ።

ከድጄ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ክትፎው ነው፣ እማ። የተራበ አንጀት አይችለውም።»

ሳፊያ ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ አዩት። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈው ተነሡና የአደይን ክንድ ያዙ።

«ውሰጅኝ» አሉ። «አማትሽ ከምራት አፍ አይሰሙም። እኔ ልንገራቸው።»