አማቴ ታንከር ሲሠራ ሊያዩ የመጡ ቀን

የፕላስቲክ የውሃ ታንከር በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴን ላገባ ሽማግሌ የላክሁ ሰሞን፣ አማቴ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝና "ማሽን አዞራለሁ" አልኳቸው። የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ቃል አያባክኑም።

"ካዞርክ በኋላስ?"

"ይቆማል" አልኩ።

እንዲያም ሆኖ ልጃቸውን ሰጡኝ። ለዘመድ ሲያስተዋውቁኝ ግን እስከ ዛሬ "የሚያዞረው" እያሉ ነው።

ባለፈው ወር የቤታቸው ታንከር ተሰነጠቀና አዲስ ሊወስዱ ወደ እኔ መጡ። "ሲሠራ ልየው" አሉ። እኔም ቀኔ ደረሰ ብዬ ለሳምንቱ ቀጠርኳቸውና እስከዚያው ንግግር ሳጠና ከረምኩ። በቀጠሯችን ቀን ዱቄት የምትመዝነውን ባልደረባዬን እንኳ "ዛሬ ሁሉንም ራሴ ነኝ የምሠራው" ብዬ ወደ መጋዘን ሰደድኳት። እሷ ግን የሚበቃኝን የፕላስቲክ ዱቄት መዝና፣ በሁለት ጆንያ አድርጋ ማሽኑ አጠገብ አስቀምጣልኝ ነበር የሄደችው።

አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወንበር ፈልጌ ሳጣ ጆንያዎቹን ደራርቤ ጃኬቴን አነጠፍኩበትና "አረፍ ይበሉ አባባ" አልኳቸው።

ከዚያ ጀመርኩ። ሞልድ የምንለው የታንከር ቅርጽ ያለው ባዶ ብረት መሆኑን፣ ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ምድጃ ውስጥ በሁለት አቅጣጫ ቀስ እያለ ሲዞር ቀልጦ የብረቱን ግድግዳ እንደሚለብስ አስረዳሁ። "የሚጫነው የለ፣ የሚነፋው የለ። መዞሩ ብቻ ነው" አልኩ፣ ራሴ የፈለሰፍኩት ይመስል።

"መቼ ተጀመረ?" አሉኝ።

የጓጓሁለት ጥያቄ ይሄ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ እንደሆነው፣ መጀመሪያ ለመድፍ ጥይት እንደታሰበ፣ ቀጥሎ ውስጡ ባዶ የሆነ ቸኮሌት፣ ከዚያም የአሻንጉሊት ጭንቅላት እንደተሠራበት፣ ፕላስቲክን እንደ ዱቄት መፍጨት ሲቻል ደግሞ ታንከር እንደመጣ ተረክሁ። እየተረክሁ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ሞልዱን ወደ ምድጃው አስገባሁ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ጋለ። ግማሽ ሰዓት በማራገቢያ ቀዘቀዘ። እኔ አሁንም አሻንጉሊቶቹ ላይ ነኝ። አማቴ አንዴ ብቻ ሰዓታቸውን አዩ።

ብሎን ስፈታ ባልደረባዬ ተመለሰች። አማቴን ሰላም ብላ ወደ መቀመጫቸው አየት አደረገችና በቀስታ ጠየቀችኝ፦

"ይሄ ዱቄት የነገ ነው?"

እጄ ብሎኑ ላይ ቀረ። መክፈት አይቀርም፣ ከፈትኩት። ውስጡ ታጥቦ የተደፋ ድስት መስሏል። አማቴ ተነሥተው መጡና አጎንብሰው ብዙ አዩት።

"ተማሪዎቼም እንዲህ ነበሩ" አሉ። "ሌሊቱን ሙሉ አጥንተው እስክሪብቶ ረስተው ይመጣሉ።"

ባልደረባዬ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ይቅርታ መደርደር ስጀምር አማቴ እጃቸውን አነሡ።

"እንደገና ጀምር። ታሪኩን ሰምቼዋለሁ።"

ጆንያውን ሳነሣ አፉን ያዙልኝ፤ ኮታቸው ላይ ጥቁር ዱቄት ተበተነ፣ አላራገፉትም። ሞልዱ ሲዞር ጎን ለጎን ቆምን። ቆይተው "በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢዞርስ?" አሉኝ።

"ዱቄቱ ሁሉንም ጥግ አያዳርስም።"

"ገባኝ" አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት እናገር ነበር።

ታንከሩ ሳይጣመም ወጣ። መኪና ላይ ስንጭነው አማቴ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው በመስኮት ጠሩኝ።

"ቅዳሜ መጥተህ ቧንቧውን ግጠምልኝ። ስትመጣ ያቺን የምትመዝነውን ልጅ ይዘሃት ና።"

ይዣት ሄድኩ። እኔ ጣሪያ ላይ ቧንቧ ሳስር፣ እነሱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲሳሳቁ ዋሉ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።