የእሑድ ዝናብ

የግብርና ባለሙያው ሱራፌል ላፕቶፑን አዙሮ ለርብቃ አሳያት። «እንኳን ደስ አለሽ፣ እህት ርብቃ! የዘንድሮው መጋቢት ከአምናው ይሻላል።»

ርብቃ ጊምቢቹ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ድረስ የመጣችው ይህን ልትሰማ አልነበረም። ዝናቡ ከአምናው ካነሰ ቀበሌያቸው የድንች ዘር ያገኛል፤ ከበለጠ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። እሷ ለዘር ያስቀመጠችውን ድንች አምስት ልጆቿ ገና በጥር ጨርሰውታል። ይባስ ብሎ ዝናቡን የለካችው ራሷ ናት። በጎልማሶች ትምህርት ቁጥር መጻፍ ከቻለች በኋላ መለኪያውን ከባለሱቁ ከፈትሁዲን ተረክባለች።

«የአምናው የቀን አማካይ ሦስት ሚሊሜትር፣ ያንቺ ሦስት ነጥብ ሁለት» አላት ሱራፌል። «ፎርሙላ አይዋሽም።»

«ጎመኔ እኮ ቆሞ ደርቋል!»

«ኤክሴል ጎመንሽን የት ያውቀዋል?»

የአምናውን መዝገብ ይዞ የመጣው ፈትሁዲን ሻዩን ፉት አለ። «ጎረቤቶቿ ግን ዘሩ ሲቀርባቸው በደንብ ያውቋታል።»

ርብቃ አስተማሪዋ እንዳሳያት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወረደች። የአምናው ሠላሳ ቁጥር ሙሉ ነው። የሷ አምስት ቦታ ላይ ባዶ ነው።

«እነዚህ እሑዶቼ ናቸው» አለች።

«እሑድ አትለኪም እንዴ?»

«እሑድ ከመዘምራን ጋር ነኝ!»

«ዝናቡስ?»

«መለኪያው ውስጥ ያድራል። ሰኞ ከሰኞው ጋር እጽፈዋለሁ።»

ፈትሁዲን ሻዩ ትን አለው። «እኔ አርብም ለክቼ ነው መስጊድ የምሄደው። የናንተ ዝናብ ሰንበት ያከብራል ማለት ነው!»

ሱራፌል ግንባሩን መታ። «ማሽኑ ባዶውን ዘሎ የወሩን ሰማንያ ሚሊሜትርሽን ለሃያ አምስት ቀን አካፍሎታል። የፈትሁዲን ዘጠና ግን ለሠላሳ ነው የተካፈለው። ቀላል ነው፣ ባዶው ላይ ዜሮ ልሙላ።»

ርብቃ እጁን ያዘችው። «ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው። በሁለተኛው እሑድ የመዘምራን ልብሴ እስኪጨመቅ ዘንቦብኛል። ጌታ እያየ አልዋሽም።»

«ዘሩ ይቅርብሽ?»

የልጆቿ ፊት በዓይኗ ዞረ፤ የጎረቤቶቿም ምላስ። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ለምን ታካፍለዋለህ?» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ የጻፍኩት ውስጥ እሑዱም አለበት። ደምረውና ተወው።»

ሱራፌል አያት፤ አማካዩን አጥፍቶ የድምር ፎርሙላ ጻፈ። ዘጠና፣ ሰማንያ። ቀጥሎ አንዱን ከሌላው ቀነሰ።

«አሥር ሚሊሜትር ጎድሏል። ቀበሌያችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ነው።»

እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ርብቃ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ዝናብ ጎደለ ተብሎ እልል የሚል ሰው በአገሩ ታይቶ አይታወቅም።

ፈትሁዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በይ እልል በይ፤ እኛ አልሰማንም።»